አሮጌ ኮሮላ በጎንደር ዳገት፦ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጡ አሮጌ መኪና በሽታውን ይናገራል። ሜዳ ላይ ምንም የማይለው ኮሮላ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀት ጠቋሚው መነሳት ይጀምራል። ጉልበቱ ይወርዳል። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ይሸታል። ቁልቁል ስትመለሱ ደግሞ ፍሬኑ ተራውን ያወራል።

የእኔ መኪና በፈረንጆቹ የ1998 ሞዴል፣ 1.3 ሞተር ያለው ኮሮላ ነው። ከገዛሁት ብዙም ሳይቆይ እዚያው ዳገት ላይ ፈላብኝ። የወሰድኩበት ጋራዥ ገና ኮፈኑን እንደከፈቱ «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ» አሉኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ። የጠሩት ዋጋ የወር ደመወዜን የሚበልጥ ነበር። አላመንኩምና ሌላ ቦታ፣ ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ሞተሩን አልነኩትም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ገልብጠው አሳዩኝ።

«ይሄን ጎማ አየኸው ልጄ?»

የክዳኑ የውስጥ ጎማ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አንዱ ጠርዙ ተቆርሶ የለም።

«ጋሼ፣ ያፈላው ይሄ ነው?»

«መጀመሪያ እሱን ቀይር። ቴስታታው የትም አይሄድብህም።»

ክዳኑን ቀየርኩ። መፍላቱ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌ መኪና ስይዝ የምከተለው ቅደም ተከተል አለኝ፤ ርካሹንና በእጅ የሚደረሰውን መጀመሪያ፣ የሚፈታውን መጨረሻ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያው መንገድ ነው። ምሳሌዬ ኮሮላ ቢሆንም ለያሪስ፣ ለሰኒም ሆነ ለሌላ አሮጌ ትንሽ የቤት መኪና አብዛኛው ይሠራል።

መኪናው ሲያሞቅ

ጎንደር ላይ የራዲያተር ክዳን ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ላስረዳ። ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር መፍያው አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ እንኳ ወደ 90 ይጠጋል። በመካከል የቀረው ትርፍ በጣም ጠባብ ነው።

ክዳኑ ይህን ትርፍ ያሰፋል። ላዩ ላይ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር (በባር) ታገኛላችሁ። ውሃውን በዚያ ግፊት አፍኖ ይይዘዋል። ደህና ክዳን ካለ ውሃው 115 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይፈላም። ጎማው ካረጀ ግን መኪናችሁ የሚሄደው በክፍት ድስት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ክዳኑን በፍጹም እንዳትከፍቱ። ፊትና እጅ ያቃጥላል። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጃችሁ ጨብጡት። ጨብጣችሁ መቆየት ከቻላችሁ ጨርቅ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

1. ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል? ከጎደለ የት ሄደ? ሌሊት መኪናው ያደረበትን መሬት እዩ። የቱቦ ማሰሪያዎችን፣ የውሃ ፓምፑን ሥርና የራዲያተሩን ጎኖች በእጅ ዳስሱ። እግራችሁ ሥር ምንጣፉ ከረጠበ የሂተሩ ራዲያተር እያፈሰሰ ነው።

2. የውሃውን ቀለም እዩ። ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ መታጠብ አለበት። ውሃ በጠፋበት ሰሞን ከጅረት ቀድቶ መሙላት የተለመደ ነው። የወንዝ ደለልና ጨው ግን የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናል።

3. ክዳኑን ገልብጡት። ጎማው ደርቆ፣ ተሰንጥቆ ወይም ሞላው ላልቶ ከሆነ ቀይሩት። ስትገዙ በአሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር አመሳክሩ።

4. ቺንጊያውን (የሞተሩን ቀበቶ) በአውራ ጣት መሃሉ ላይ ተጫኑት። አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቢገባ ጥሩ ነው። በእነዚህ ኮሮላዎች የውሃ ፓምፑንና ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ስለሆነ፣ ከላላ መኪናው ያሞቃል፣ የባትሪ መብራትም ይበራል። ሁለቱን ባንድ ላይ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

5. መቼ እንደሚያሞቅ አስተውሉ። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። የጥምቀት ሰሞን ፒያሳ በሰው ሲሞላ መኪና የሚሄደው በእግር ፍጥነት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻ አሙቆ መንገድ ሲከፈት የሚበርድ ከሆነ ተጠርጣሪው ፋኑ ነው። ዳገት ላይ ብቻ የሚያሞቅ ከሆነ ግን ፋኑን ተውት። የተደፈነ ራዲያተር፣ ያረጀ ክዳን ወይም ሰነፍ ቴርሞስታት ነው።

ፋኑን መፈተሽ ቀላል ነው። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የፋኑ የሙቀት ስዊች ሶኬት ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ከዞረ ፋኑ፣ ፊውዙና ሪሌው ደህና ናቸው፤ ችግሩ ስዊቹ ጋ ነው። ካልዞረ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር እዩ። ስትሞክሩ እጃችሁንና ልብሳችሁን ከፋኑ አርቁ።

ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ከውሃ ጋር ድስት ላይ ጣዱት። ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ ዓይናችሁ እያየ መከፈት አለበት። ጎንደር ላይ ብዙ ሰው ቴርሞስታቱን አስወጥቶ ይጥለዋል። እኔ አልስማማም። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። አዲስ መግዛት ይሻላል።

ማጠቡ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲበርድ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ክፈቱ። ኩላንቱ መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ስለሚጣፍጥ ውሻና ሕፃን ይስባል፤ በዕቃ ተቀበሉት። የሂተሩን መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ አዙሩ። ጠርቶ እስኪወጣ በንጹሕ ውሃ አጥቡት። ከዚያ ግማሽ ኩላንት ግማሽ ንጹሕ ውሃ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። አየር እንዳይቀር አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጋችሁ አቁሙት። ለዚህ ጎንደር ተስማሚ ናት፤ ዳገት የሌለው ሰፈር ፈልጋችሁም አታገኙም። ክዳኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሱ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ድንገት ይወርዳል። ሙሉት። አረፋው ሲያቆም ክደኑት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካሞቀ ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን እናውራ። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ጠዋት በርዶ ያደረ ሞተር እንደተነሳ ወዲያው የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ነዳጅ ስትሰጡ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋው ካላቋረጠ፣ ከማርሚታው የማያቆም ነጭ ጭስ ከወጣ ቴስታታው መውረዱ አይቀርም። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የምታዩት ትንሽ ቢጫ አረፋ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በቀዝቃዛ ጠዋት አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት ይፈጠራል። የዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ግን መኪናውን አታስነሱት።

ወደ መተማ የምትወርዱ ሰዎች ይህን ሥራ ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱት። ደጋ ላይ የሚደበቅ የራዲያተር ድካም ቆላ ላይ ይወጣል።

ጠዋት አልነሳ ሲል

መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡ። ቁልፉን ስታዞሩ ምን ይሰማል?

«ጠጠጠጠ» ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም ራሶቹ ቆሽሸዋል። ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ዝገው ነው። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፣ ስትመልሱ መጨረሻ እሱን እሰሩ። በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ ፍቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ከባትሪው ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድም ሌላኛው ጫፉ ላይ አጽዱት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ቴስተር ካላችሁ ለኩ። አድሮ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ዲናሞውን አሳዩ። አለበለዚያ አዲሱም ባትሪ በሳምንቱ ይወድቃል።

አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ መብራቱም ካልደበዘዘ፣ ይህ የታወቀ የቶዮታ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) በሽታ ነው። ሞተሪኖው ውስጥ ሁለት የመዳብ መገናኛዎች አሉ። በየማስነሳቱ ብልጭታው ይበላቸዋል። የእኔን አስፈትቼ አይቻለሁ። አንደኛው ሙሉ ነው፤ ሌላኛው በአንድ ጎኑ አልቆ እንደ ጥፍር ቀጥኗል። ሙሉ ሞተሪኖ ቀይሩ ቢሏችሁ መጀመሪያ መዳቦቹን እንዲያዩ ጠይቁ። መዳቦቹን ብቻ መቀየር ዋጋው አይወዳደርም።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ካልነሳ ካንዴላዎቹን አውጡ። ጫፉ ቀላል ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ጥቁርና ደረቅ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ አየር ፊልትሮውን እዩ። ዘይት ከነካው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ አልቋል። በክረምት ደግሞ እርጥበት የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ ይገባል። ክዳኑን አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ የተሰነጠቀ መስመር ካለው ቀይሩት። ማታ በጨለማ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ብትከፍቱ የሚያፈስ የካንዴላ ገመድ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ታዩታላችሁ። በእጃችሁ ግን እንዳትነኩት።

ከተማችን ቁልቁለቷ ብዙ ስለሆነ በስፒንታ (ቁልቁል እያንከባለሉ) እያስነሱ ወራት መግፋት የተለመደ ነው። እባካችሁ ልማድ አታድርጉት። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልቁል ስትለቁት የፍሬኑ አጋዥ አይሠራም፣ መሪውም ይከብዳል። ሕፃናት በሚጫወቱበት ሰፈር ይህ አደጋ ነው።

ፍሬን፣ ቁልቁለቱን ከማሰባችሁ በፊት

ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የወረደ ሰው የፍሬን ሽታ ያውቃል። እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ የሚወርድ ሹፌር ሸራውን ያቃጥላል። ከዚያ የባሰው ግን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። አሮጌ መኪና ስትገዙ ደግሞ መቼ እንደተቀየረ አትጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ ቀይሩት።

ሰው አግዟችሁ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ሜዳ ፈልጉ፣ በክሪክ አንሱና ድጋፍ አድርጉበት። በክሪክ ብቻ ቆሞ ሥሩ እንዳትገቡ።

የዘይት ማጠራቀሚያውን ሙሉ። ከፔዳሉ በጣም የሚርቀውን ጎማ፣ ማለትም የኋላ ቀኙን አስቀድሙ። ከማስተንፈሻው ላይ ቀጭን ቱቦ አድርጋችሁ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። ጓደኛችሁ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ይርገጥና ረግጦ ይያዝ። እናንተ ማስተንፈሻውን ሩብ ዙር ክፈቱ። አረፋና ጥቁር ዘይት ይወጣል። ዝጉ። ከዘጋችሁ በኋላ ብቻ ይልቀቅ። «ያዝ!» «ለቀቅ!» እየተባባላችሁ ሥሩ፤ ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል። ጠርቶ እስኪወጣ ድገሙት። ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል በየመሃሉ ሙሉ። ዘይቱ ቀለም ይበላል፤ ቦዲ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

ጎማው ወጥቶ ሳለ የፊቱን ሸራ እዩ። ሲገዛ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ያህል ነው። 3 ሲቀረው እኔ እቀይራለሁ፤ እዚህ አገር ቁልቁለት እስከ መጨረሻው መጠበቅ አልወድም። የውስጥና የውጭ ሸራ እኩል ካላለቁ የካሊፐሩ ማንሸራተቻ ፒኖች ደርቀዋል። አውጥታችሁ አጽዱ፣ ለፍሬን የሚሆን ግሪስ ቀቡ። ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል።

የኋላውን ታምቡር ስትከፍቱ አቧራውን በአፍም በኮምፕሬሰርም አትንፉ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሸራው ዘይት ከጠጣ የዊል ሲሊንደሩ እያፈሰሰ ነው፤ ሁለቱንም ጎን ቀይሩ።

አወራረዱም የጥገናው አካል ነው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይይዝላችኋል። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንዲበርድ ጊዜ ስጡት።

ኮብልስቶን ላይ የሚንኳኳው

ሰፈር ውስጥ በኮብልስቶን ስትሄዱ ከፊት «ኳ ኳ» የሚለውን በጆሮ መለየት ይቻላል። ትንንሽ ጉብታ ላይ የሚንኳኳ ከሆነ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው። መሪ አዙራችሁ ስትነሱ «ጠቅ ጠቅ» ካለ የአክስሉ የውጭኛው ጆይንት ነው። ጎማ ሥር ያለው የጎማ ከረጢት ተቀድዶ ግሪሱ ወጥቶ አፈር ገብቶበታል። ከረጢቱን ሲሰነጠቅ ገና ብትቀይሩት ኖሮ ጆይንቱ ይተርፍ ነበር። ፍጥነት ሲጨምር እየጨመረ የሚያጓራ ድምፅ የኩሽኔታ (የጎማው ቤሪንግ) ነው።

ጎማውን አንሱና ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ሲወዘወዝ የመሪ ቴስቲና። የመሪ ነገር ለነገ አይባልም።

ጉልበትና ጭስ

በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል ኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። አየሩ ሳስቶ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ትንሽ መድከሙ በሽታ አይደለም። ከትናንቱ ዛሬ ከባሰ ግን አየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የቤንዚን ፊልትሮ፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

የሞተር መብራት ከበራ ኮምፒውተር የለኝም ብላችሁ አትጨነቁ። ከኮፈኑ ሥር ቲኢ1 እና ኢ1 የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳጥን አለ። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ሁለቱን ብቻ በአጭር ሽቦ አገናኙ። ሌላ ቀዳዳ እንዳትነኩ። ከዚያ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለት ብልጭታ፣ እረፍት፣ እንደገና ሁለት ካለ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። 21 የኦክስጅን ሴንሰር፣ 41 የነዳጅ መስጫው ሴንሰር ነው። ሳያቋርጥ በእኩል ብልጭ ካለ ኮምፒውተሩ የመዘገበው ጥፋት የለም።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎች ናቸው፤ ሞተር ሳይወርድ ይቀየራሉ። ዳገት ስትወጡ ያለማቋረጥ ከሆነ ፋሻ ነው። እስከዚያው ዘይቱን በየሳምንቱ ለኩ። ሦስት ሊትር ገደማ ብቻ በሚይዝ ሞተር አንድ ሊትር መጉደል ብዙ ነው።

የታይሚንግ ቺንጊያ (የሞተሩ የውስጥ ቀበቶ) ነገር አጭር ነው። በ100,000 ኪሎሜትር ይቀየራል። ከሰው እጅ የገዛችሁት መኪና ቆጣሪ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ ማስረጃ ከሌለ ከሊብሬው ዝውውር ቀጥሎ የምታሠሩት እሱ ይሁን።

ፍሪሲዮኑን ደግሞ ሜዳ ላይ ፈትኑት። በሦስተኛ ማርሽ፣ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ ታች ርገጡ። የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ መኪናው ካልፈጠነ አልቋል። ሲቀየር ሰሃኑን፣ ተጫኙንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ ቀይሩ። ካምቢዮውን ማውረዱ ነው ትልቁ ወጪ፤ ለአንድ ኩሽኔታ ብላችሁ ሁለት ጊዜ እንዳታወርዱት።

እና ዳገት ላይ ቆማችሁ ሰው ስትጠብቁ መኪናውን በፍሪሲዮን አትያዙት። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ካልያዘ፣ የኋላ ታምቡሮቹን ለማጽዳት ስትከፍቱ ገመዱንም አብራችሁ አስተካክሉት። እኔ የምፈትነው ከፒያሳ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሰው በሌለበት ጠዋት፣ ማርሹን ነጻ አድርጌ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብዬ በማንሳት ነው። ንቅንቅ ካለ ዕለቱን እሠራዋለሁ።